የነፈገችው እጅ

የኔነህ ያን ጠዋት ከአባቱ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሲወጣ ሁለት ነገር አስቦ ነበር፤ ባየችን ሊያያት፣ እጇንም ጨብጦ ሰላም ሊላት። ማየቱንስ አየ። እጇን ግን ሌላ ሰው ይዞት አገኘው።

ነገሩ የሆነው ወረታ ውስጥ ነው፤ ከደብረ ታቦር መታጠፊያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት የጥናት ሐኪሞች በተከራዩት ቤት። መስኮቱ ክፍት ነበር። ባየች ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዶክተር ሀይለየሱስ ከፊቷ በርከክ ብሎ ሁለት እጆቿን በሁለት እጆቹ ይዟል። ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ ይዳብሳል። እሷ ታለቅሳለች። ዶክተሩ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ሰጣት።

ሐኪም ነው፣ ሥራው ነው ትሉ ይሆናል። የኔነህም መጀመሪያ ለራሱ ያለው ይህንኑ ነው። ግን የትኛው ሐኪም ነው ለበሽተኛው የራሱን መሐረብ የሚሰጥ? ደግሞስ ምን ያለ መሐረብ ነው፣ እንደዚያ ነጭ? ከኋላው ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ፤ መንገዱ ላይ ቆሞ መሄጃ እንዳሳጣቸው እንኳ አላወቀም። «ለእኔ የነፈገችኝን እጅ ለሱ ዘርግታ ሰጠችው» አለ።

መንፈጉንስ ነፍጋዋለች። ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ ባየች እጇን ከነጠላዋ ሥር አታወጣም። ሲያገኛት አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም ብላው ታልፋለች። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። የተዋወቁት እዚያው መፈልፈያ ቤት ነው፤ የአባቷን ሩዝ አስጭና መጥታ ተራ ስትጠብቅ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ገለፈት የለበሰውን ልጅ አይታ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በተገናኙ ቁጥር ትከሻውን በመዳፏ እያራገፈች «መኪናህ ሩዙን ይፈልፍል፤ አንተን የምፈለፍል እኔ ነኝ» ትለው ነበር። እሱም እንድታራግፍለት ሲል ልብሱን ሳያራግፍ ይወጣል። አባቱ አቶ በላቸው፣ ወረታ ውስጥ ስማቸው የሚጠራ የሩዝ ነጋዴ፣ «ይኼ ልጅ ምን ነካው፣ ገለፈት ለብሶ መሄድ ጀመረ» እያሉ ይገረሙ ነበር።

ባየች ከርብ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ይፋግ በሚወስደው በኩል፣ የአያ ደሞዝ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ሳለች ታመመች። ማታ ማታ ትኩሳት ይነሳባታል፤ ደረቷንና ክንዷን ቀይ ሽፍታ ይወራታል፤ መገጣጠሚያዎቿ ያብጣሉ። ጠዋት ልብሷን የምታለብሳት እናቷ ነበረች። ወባ ነው ተባለ። ቁርጥማት ነው ተባለ። ጠበልም ከረመች። በመጨረሻ ባሕር ዳር ያገኟት አንድ ሐኪም፣ ይህ ከብዙ ሺህ ሰው አንዱን ብቻ የሚይዝ፣ ሰውነት ያለ ጠላት በገዛ ራሱ ላይ የሚነሳበት ሕመም ነው ብለው ወደ ጥናቱ ሐኪሞች ላኳት።

መድኃኒቱ እንደ ለመድነው ኪኒን አይደለም። ከሕያው ሴል የሚሠራ፣ ከቀዝቃዛ ሣጥን ወጥቶ ከዋለ የሚበላሽ፣ በቆዳ ሥር የሚወጋ አዲስ ነገር ነው፤ ገና እየተሞከረ ያለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ታማሚዎቹ ሁሉ እውነተኛውን ተወጉ። ባየች ትኩሳቱ ለቀቃት፤ በእግሯ ወረታ ገበያ ወጣች፤ ሩዝ አጨደች። ቀጥሎ የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል መጣ። በዕጣ አንዳንዱ እውነተኛውን፣ አንዳንዱ መድኃኒት የሌለበትን ባዶ መርፌ ይወጋል፤ ለማን ምን እንደ ደረሰ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቁም። ያዳናቸው በእርግጥ መድኃኒቱ መሆኑ የሚለየው እንዲህ ነው ተብሎ ተነገራት። ሕመሙ የተመለሰበት ሰው ወዲያው መናገር አለበት፤ ያን ጊዜ ዕጣው ይቀርና እውነተኛው ይሰጠዋል። ባየች ይህን ሁሉ ሰምታ፣ ፈቅዳ ገባችበት።

የኔነህም ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ራሷ ነግራዋለች። ግን የቀና ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ቤቱ ጥሎ ነው የሚወጣው። ደግሞ ጊዜው ክፉ ነበር። አቶ በላቸው መጀመሪያ «በሽተኛ አጭቼ ቤቴን ሐኪም ቤት አላደርግም» ብለው ነበር። ስትድን ልጃቸው ፊታቸው ቆሞ «ድናለች ጋሼ፤ ካልዳነች ልጅዎ አይደለሁም» ብሎ ማለላቸው። በዚያ መሐላ ነው ሽማግሌ የላኩት። የፊታችን እሁድ ቃሉ የሚታሰርበት ቀን ነው። ለሽማግሌዎቹ አለቃ ለአባ ገብረ ኪዳን ደግሞ ለብቻቸው አንድ አደራ ሰጥተዋቸዋል። «በዓይንዎ ይዩልኝ አባ። ገንቦውን አንስታ በጇ ትቅዳልዎት።» ይህን አደራ ወረታም ሰምታዋለች፣ ርብ ማዶም ተሰምቷል።

ባየች ከሐኪሞቹ ቤት ስትወጣ የኔነህ በሩ ላይ ጠበቃት። ስታየው ደነገጠችና እጆቿን ቶሎ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ይህን ደግሞ አየ።

«መቸ መጣህ?»

«እጅሽን ለዶክተሩ ስትሰጭ ነው የመጣሁ።»

ፊቷ ቀላ። «አንተ ሙት፣ እንዳሰብኸው አይደለም።»

«ምን እንዳሰብሁ በምን አወቅሽ? በይ እንግዲያው እጅሽን አምጭ።»

እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ይበልጥ ሸሸገች።

«እኮ አምጭ! ለሰላምታ ነው እንጅ ቆርጨ አልወስደውም።»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እጇ ግን አልወጣም። «የኔነህ፣ እስከ እሁድ ታገሰኝ» አለችው። «ከእሁድ በኋላ ሁሉንም እነግርሃለሁ።»

«እሁድ ሽማግሌ ነው የሚመጣ! ከእሁድ በኋላ ምን የሚነገር አለ? ሐሳቤን ቀየርሁ ነው? አዲስ አበባ ልሄድ ነው?»

«አዲስ አበባ?» አለች ግራ ገብቷት። «እኔ ባሕር ዳርን አልፌ የት አውቃለሁ?»

«የሚያሳውቅሽ አግኝተሻል እኮ!»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱንም አመመው። ባየች ትታው ወደ ቆመ ባጃጅ ሄደች። ስትገባ ብረቱን በእጇ አልያዘችም፤ በክርኗ ተደግፋ፣ እንደ አሮጊት ተጎትታ ነው የገባች። የኔነህ ይህንንም አየ፤ ግን ልቡ መሐረቡ ላይ ነበር። ባጃጁ ታጥፎ ሲሄድ ወደ ኋላ ዞራ ታየው እንደሆነ ጠበቀ። አልዞረችም። እዚያው ቆሞ እንባውን ዋጠ።

በነጋታው ዶክተሩን ብቻውን አገኘው። ሀይለየሱስ ከበሩ ፊት ባዶ የቀዝቃዛ ሣጥን በጨርቅ ይወለውላል። ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ጣቶቹ ረጃጅም፣ ጥፍሮቹ ንጹሕ። የኔነህ የራሱን እጅ ወደ ኪሱ ከተተ። ጥፍሩ ሥር የሩዝ ብናኝ አለ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቀኝ።»

«ባየች ትናንት ለምን አለቀሰች?»

ዶክተሩ ጨርቁን አስቀመጠ። «የታካሚዬን ነገር ከሷ ከራሷ በቀር ለማንም አልናገርም።»

«እኔ እጮኛዋ ነኝ!»

«ከሆንክ እሷን ጠይቃት።»

«ጠየቅኋት። እስከ እሁድ ታገሰኝ አለችኝ።»

«እስከ እሁድ?» ዶክተሩ ግንባሩን ቋጠረ። «አይሆንም። ይህን ያህልማ መቆየት የለባትም» አለ፤ ለየኔነህ ሳይሆን ለራሱ ነበር የሚናገረው። ከዚያ ቀና ብሎ፦ «አንድ ነገር ግን ልለምንህ። እጇን አትጎትታት» አለው።

እጇን! የኔነህ ጆሮው ጮኸ። እስካሁን የያዘው «እርስዎ» ከምላሱ ላይ ወደቀ። «አንተ ማን ነህና ነው ስለ እጇ የምታዘኝ? እኔ እኮ ነኝ ሽማግሌ የላክሁ! አንተ መርፌህን ወግተህ ትሄዳለህ፤ እኔ ግን እዚሁ ነኝ!»

«አውቃለሁ» አለ ሀይለየሱስ ቀስ ብሎ። «እሷም የምታወራው ስለዚሁ ነው።»

የኔነህ ሌላ ነገር ለመስማት አልቆመም። ምናለ ቢቆም ኖሮ! እስከ ገበያው መጨረሻ ድረስ በፈጣን እርምጃ ሄደ፤ ሰው ሰላም ሲለው አልመለሰም። ስለ እኔ ለእሱ ታወራለች እያለ ነደደ። ስለ እኔ፣ ለእሱ!

እሁድ ደረሰ። የሚያገባ ወንድ ሽማግሌ በላከበት ቀን እዚያ ሰፈር ድርሽ አይልም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ መልስ ይጠብቃል እንጅ። የኔነህም ሱፍ ኮቱን ለብሶ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ ባለ ባጃጁ ማረው አጠገቡ እስኪቆም ድረስ።

«ያን ዶክተር አሁን ከርብ ማዶ አድርሸው መጣሁ» አለ ማረው። «ነጭ ሣጥን ታቅፏል። አያ ደሞዝ ቤት ነው የገባ። ምንድን ነው፣ እሱም ሽማግሌ ሆነ?»

የኔነህ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ዛሬ? ከሽማግሌዎቹ ጋር?»

«እኔ ምን አውቄ። ሣጥኑን ልያዝልዎት ስለው እንቢ አለኝ፤ እንደ ሕፃን ነው ያቀፈው።»

ስጦታ ነው፤ ሽማግሌዎቼ ፊት ሊጠይቃት ነው፤ «እስከ እሁድ» ያለችኝ ለዚህ ነው! የኔነህ ባጃጁ ውስጥ ዘሎ ገባ። ማረው «ኧረ ነውር ነው፣ ምን ይሉሃል!» እያለ እየነዳ ሄደ። ከድልድዩ ማዶ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ባጃጁ ተያዘ። የኔነህ ወርዶ በእርሻው መካከል ሮጠ። የታጨደው ሩዝ በየአውድማው ተከምሯል፤ በክምሩ መካከል እየተሹለከለከ፣ ኮቱ ላይ ገለባ እየተሰካ፣ አያ ደሞዝ ግቢ ገባ።

በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሽማግሌዎቹ መደቡ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አባ ገብረ ኪዳን። አያ ደሞዝና ሚስታቸው ወይዘሮ ገላነሽ ከምሰሶው ሥር ቆመዋል። ዶክተሩ ከደጃፉ አጠገብ ዱካ ላይ፣ ሣጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ግን ባየች ላይ ነው። ያ አስተያየት የኔነህን ሊያሳብደው ሲል፣ እሱም ዶክተሩ ወደሚያይበት ዞረ።

ባየች የጠላውን ገንቦ በክንዶቿ ታቅፋ፣ በደረቷ ደግፋ፣ ወደ አባ ገብረ ኪዳን ዋንጫ ልታዘነብል ትታገላለች። ጣቶቿ ገንቦውን አልያዙትም። ነጠላዋ ተንሸራቶ ወደቀ።

እጆቿ ታዩ። አብጠው፣ ቆዳቸው ተወጥሮ፣ የጣቶቿ አንጓዎች ጠፍተዋል። ክንዷ ላይ ያ ቀይ ሽፍታ ተመልሷል። ጠላው ከዋንጫው አልፎ የአባ ገብረ ኪዳን ጋቢ ላይ ፈሰሰ። ባየች ቀና ስትል የኔነህን በሩ ላይ አየችው፤ ያን ጊዜ ገንቦው ከክንዷ አመለጠ።

የኔነህ እንዴት እንደ ደረሰ አላወቀም። ብቻ ገንቦው መሬት ሳይነካ በእጁ ላይ ነበር፤ የኮቱ እጅጌ በጠላ ርሷል።

«ታምሜአለሁ» አለች ባየች። ድምጿ ለሁሉም ተሰማ። «ተመልሶብኛል። ዶክተሩ አውቀዋል፤ ለማንም እንዳይነግሩብኝ ለምኛቸው ነው። ዛሬን ብቻ ልለፋት ብየ ነበር።»

«ምን አደረግሽኝ ልጄ!» አሉ አያ ደሞዝ።

«ምን ላድርግ አባቴ?» ወደ የኔነህ ዞረች። «ለአባትህ ምለህላቸዋል። ካልዳነች ልጅዎ አይደለሁም ብለሃል። እጄን ብታየው ኑሮ ወይ አባትህን ታጣለህ፣ ወይ እኔን ትተወኛለህ። የትኛውን ልምረጥልህ? እጄን ስትለምነኝ እኮ እዚያው ብሞት ይሻለኝ ነበር።»

የኔነህ ያበጡትን እጆች አየ። ባጃጁ ላይ በክርኗ ስትወጣ አይቶ ነበር። ጣቶቿ ሲዳበሱ አይቶ ነበር። ሁሉን አይቶ መሐረብ ነው የቆጠረ። አፈረ፤ ደግሞ እንዲያ በማፈሩ ውስጥ ደስታ መጣበት፤ አልከዳችውም! ደስታውን ተከትሎ እንደገና አንድ ቅናት ብቅ አለ፦ ሕመሟን ከኔ በፊት እሱ አወቀላት። ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ።

አባ ገብረ ኪዳን እርጥብ ጋቢያቸውን ከጉልበታቸው አነሱ። «አንተ ልጅ» አሉ። «ዛሬ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

የኔነህ ገንቦውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአባን ዋንጫ ሞላ።

«እቀዳለሁ አባ።»

«ምን?»

«ጋሼ በጇ ትቅዳልዎት ብለውዎታል። እጇን አሟታል አባ። እስኪሻላት ድረስ እጇ እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ገላነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የኔነህ ከአንዱ ሽማግሌ ወደ አንዱ እያለፈ ቀዳ፤ ሙሽራ ሊሆን የመጣ ወንድ፣ ገለባ የተሰካበት ሱፍ ለብሶ፣ በሚያገባት ልጅ ቤት ጠላ ይቀዳል። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር ታይቶም አያውቅ። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዋንጫቸውን ይዘው አባ ገብረ ኪዳንን ያያሉ። አባ ቀመሱ።

«እኔ ያየሁትን ነው የምናገር» አሉ። «ውሸት ለበላቸው አላደርስም። ልጅቱ ታማለች እለዋለሁ። ልጅህ ደግሞ እጇ ሁኗል እለዋለሁ። ከዚህ ወዲያ የሚለው ካለው ራሱ ይምጣና እዚህ ቁሞ ይበል።» ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ ሣጥኑን ለጌጥ ነው ያቀፍኸው?»

ሀይለየሱስ ብድግ አለ። «እውነተኛው መድኃኒት ነው አባቴ። ከአዲስ አበባ ገና ዛሬ መድረሱ ነው። አትምጣብኝ ብላኝ ነበር፤ ግን ሕመሙ ልቧንም ሊነካ ይችላል። መታገሥ አልቻልኩም።»

ጓዳ ገቡ፤ ባየች፣ እናቷ፣ ዶክተሩ። የኔነህ ደጃፉ ላይ ቀረ። ዶክተሩ እጁን ታጥቦ ሣጥኑን ሲከፍት፣ «መርፌው ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ ነው» አለ። «እኔ አዲስ አበባ የምመላለስ ሰው ነኝ። ከቤተሰብ አንድ ሰው መውጋቱን ቢማር ጥሩ ነው።»

«እሱ ይማር» አለች ባየች።

የኔነህ ገባ። እጁን ሦስቴ አሳጠቡት፤ የጥፍሩ ብናኝ ግን እንቢ አለ። ዶክተሩ ከኋላው ቆሞ የየኔነህን እጅ በእጁ ያዘ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ መርፌው ላይ አስተካከለለት። «እንዲህ ዘንበል። አትጫነው። ቀስ።»

ባየች ሁለቱን እጆች አየች፤ ተጨባብጠው። ፊቷ ላይ እንባው እንዳለ፣ የመፈልፈያ ቤቱ ሳቅ ብቅ አለ።

«አሁን ደግሞ እኔ ልቅና?» አለች።

ዶክተሩ ሳቀ። የኔነህ አልሳቀም። የክንዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ያዘ፤ ትኩሳቷ ጣቱ ላይ ተሰማው። ለብዙ ቀን የለመነው እጅ ይኸው። ዓይኑን ሳይነቅል ወጋት። ትንፋሽ ያጠረው እሱን ነበር፤ እሷን አይደለም።

«አመመሽ?»

«አንተን ነው ያመመህ።»

ዶክተሩ መርፌውን ተቀብሎ ከእናቷ ጋር ወደ ሽማግሌዎቹ ወጣ። መድኃኒቱ በአንድ ጀምበር እንደማይሠራ ጓዳ የቀሩት ሁለቱ ያውቃሉ። አቶ በላቸው ምን እንደሚሉም አያውቁም። ባየች ያበጠ እጇን አነሳች። የየኔነህ ኮት ትከሻ ላይ አንዲት የሩዝ ገለባ ተሰክታለች፤ ገለባዋን ለማንሳት ጣቶቿ ታገሉ፤ ያዟት፤ አመለጠቻቸው።

ሊያግዛት ይችል ነበር። አላገዛትም። ትከሻውን ትንሽ ዝቅ አደረገላትና ቆሞ ጠበቃት።